መሪ ሲጨብጡ የሚለወጥ ጠባይ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ሁለት ሰዎች ከአንድ በር ላይ ቢገናኙ ቶሎ አይገቡም። አንደኛው «ይቅደሙ» ይላል፤ ሁለተኛው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ የመጀመሪያው ደግሞ «በፍጹም አይሆንም» ብሎ ክንዱን ይይዘዋል። እንዲህ ሲገፋፉ የተቀዳው ቡና ይቀዘቅዛል፥ ባለቤቲቱም ከውስጥ ሆና «ምነው፥ ቤቱ ጠበባችሁ ወይ?» ትላለች። ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫ ተነሥቶ «ኖር» ማለት፥ በማዕድ ጊዜ ታላቅ ሳይጀምር እጅን አለመስደድ፥ በጠባብ መንገድ ላይ ሸክም ለያዘ ሰው ዘወር ማለት ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። በተወለድሁባትና አሁንም በጡረታ በምኖርባት በሁሩሙ አማርኛ የሚናገረውም ኦሮምኛ የሚናገረውም በዚህ ነገር አንድ ነው።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች ግን ጥሪው አልቆ ከተሰነባበቱ በኋላ፥ እያንዳንዳቸው ወደ መኪናቸው ገብተው ሞተር አስነሥተው ከግቢው መውጫ ላይ እንደገና ቢገናኙ «እርስዎ ይቅደሙ» የሚል አይገኝም። አንደኛው ጥሩንባውን ይነፋል፤ ሁለተኛው የመኪናውን አፍንጫ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ያስገባል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ስለ በር ሲጣሉ የነበሩት ሰዎች አሁን ስለ መንገድ ይጣላሉ፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ የተጣሉት ለማስቀደም ነበር፥ አሁን ግን ለመቅደም ነው። ይህ ነገር ከምን እንደሚመጣ ልመረምር ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ መኪና አልነዳም። ዐርባ ዓመት ያህል ልጆች ሳስተምር ስኖር ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቴ የተመላለስሁት በእግሬ ነው፤ ሩቅ ስሄድም በአውቶቡስ ወይም በሰው መኪና ነው። «ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ለሚተች ሰው ነገር ሁሉ ቀላል ነው» የሚለኝ ሾፌር ቢኖር አልቀየመውም። የኋላ ወንበርም የራሱ ኃጢአት አለው፤ ስለ እርሱ ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጄን ልጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። ቤቷ በአየር ጤና በኩል፥ ሥራዋ በሜክሲኮ በኩል ስለ ሆነ አንዳንድ ቀን ማታ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄያት አብረን እንመለስ ነበር። በሜክሲኮ ያየሁትን የታክሲ ሰልፍ መቼም አልረሳውም። ተማሪው፥ ጸሐፊው፥ ግንበኛው፥ ልጅ ያዘለች እናት፥ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ቆሞ ሰልፉ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል። ዱላ የያዘ ፖሊስ የለም። አንድ ተራ አስከባሪ አለ፤ እርሱም ቢሆን የሚበዛው ሥራው ከረዳቶቹ ሳንቲም መቀበል ነው። ሰልፉን የሚያስከብረው ራሱ ሰልፈኛው ነበር። አንድ ጎረምሳ ከጎን መጥቶ ሊገባ ቢሞክር ከፊታችን የቆመ ኮት የለበሰ ሰው «ወንድሜ፥ ሰልፉ ከወዲያ ነው» አለው፤ ጎረምሳውም አፍሮ ወደ ጭራው ሄደ። ልጅ ያዘለችውን እናት ግን ማንም ሳያዝዝ «አንቺ እለፊ» ብለው አሳለፏት። እኔንም ሽበቴን አይተው ሊያሳልፉኝ ፈልገው ነበር፤ ከልጄ እንዳልለይ ብዬ እንቢ አልሁ። በልቤም «ይህን የመሰለ ሕዝብ!» ብዬ ተደሰትሁ።

ተራችን ደርሶ ገባን። ታክሲያችን ጥቂት እንደ ሄደ ከረጅም የመኪና ሰልፍ ኋላ ቆመ። ሾፌሩ ጥቂት ታገሠና መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ፥ በሰልፉና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል ባለችው ስንጥቅ ገብቶ፥ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ መኪኖችን አልፎ ከፊታቸው ተሰነቀረ። ከኋላችን የጥሩንባ ጩኸት ተነሣ። ከውስጥ ግን ምን የተባለ ይመስልሃል? «ጎበዝ! መንዳት እንዲህ ነው» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ሣቁ። ዘወር ብዬ ባየው ያ ኮት የለበሰው፥ ጎረምሳውን «ሰልፉ ከወዲያ ነው» ብሎ የመለሰው ሰው ነበር።

ስለዚህ ሰው ብዙ አሰብሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቲቱን ካሳለፏት አንዱ እርሱ ነበር። በእግሩ ቆሞ ሳለ የሚቀድመው ሰው ፊት ይታየዋል፥ የእርሱም ፊት ለሰው ይታያል። ይሉኝታ የምንለው ነገር የሚሠራው በዓይንና በዓይን መካከል ነው። ሰው ከመኪና ውስጥ ሲገባ ግን ፊት የሚባል ነገር ይጠፋል፤ የሚታየው የቆርቆሮ ጀርባ፥ ሁለት ቀይ መብራትና የሰሌዳ ቁጥር ብቻ ነው። ለሰሌዳ ቁጥር ማን ያፍራል? ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ ብትፈልግ በሰልፍ መካከል የሚሰዳደቡ ሁለት ሾፌሮችን ተመልከት። አንደኛው መስተዋቱን አውርዶ ሌላውን ቢያውቀው ወዲያውኑ «አንተ ነህ እንዴ? ይቅርታ ወንድሜ፥ እለፍ፥ እለፍ» ይለዋል። መኪናውም መንገዱም ያው ነው፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር ፊት መታየቱ ነው።

በእኛ በሁሩሙ ጥሩንባ አብዛኛውን ጊዜ ሰላምታ ነው። በገበያ ቀን ባጃጁ፥ ቡና የጫነው አይሱዙ፥ ከብቱ፥ ጨው ተሸክመው የሚመለሱት አሮጊት ሁሉ በአንዲት ጎዳና ላይ ይጋፋሉ፤ ሾፌሩም አሮጊቷ እስኪሻገሩ ይቆማል፤ የማን እናት እንደ ሆኑ ያውቃልና። ያው ሾፌር ቡናውን ይዞ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ ግን የማን እናት እንደ ሆኑ የማያውቃቸውን አሮጊት በጥሩንባ ያባርራል። እንግዲህ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ጨዋነት ስንለው የኖርነው ነገር ግማሹ ለሰው ማሰብ ሳይሆን በሰው ዘንድ በመልካም መታየት ኖሯል።

በሰልፍ ውስጥ ቆሞ ሰው ከሚያደርገው ነገር አንዱ ከፊቱ ባለው መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የእኛ ታክሲዎችና የጭነት መኪኖች በጥቅስ የተሞሉ ናቸው፤ ስለ ትዕግሥት፥ ስለ ፍቅር፥ ስለ ምቀኛ፥ ስለ ፈጣሪ ቸርነት። እኔ የድሮ አስተማሪ ነኝና ፊደሉን ሳርም፥ ቃሉን ስመዝን መንገዱ ያልፍልኛል። አንዳንዱ በውነቱ ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ሦስት መኪና ገፍቶ ከፊታችን የገባው ሚኒባስ በጀርባው ላይ ስለ ታጋሽ ሰው የሚያመሰግን ጥቅስ በቀይ ቀለም ጽፎ ነበር። ጸሐፊው ጥቅሱን የጻፈው ከኋላው ላለው ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሾፌሩ ራሱ ከወንበሩ ሆኖ ሊያነበው አይችልምና።

አሁን ደግሞ ጉዳዩን እንደ ክፍል ውስጥ በሒሳብ እንየው። አንድ መኪና በሰልፍ መካከል ተሰንቅሮ ሲገባ ከኋላው ያለው ሁሉ አምስት ሴኮንድ ይዘገያል ብለን እንገምት። ከኋላ 60 መኪኖች ቢኖሩ 300 ሴኮንድ፥ ማለት 5 ደቂቃ ጠፋ። በየመኪናው አራት አራት ሰው ቢኖር ከሰዎች ዕድሜ ላይ የተወሰደው 20 ደቂቃ ነው። ዐሥራ አምስት መኪና የቀደመው ሾፌር ያተረፈውስ? 75 ሴኮንድ። እርሷንም በሚቀጥለው መብራት ላይ ቆሞ ይመልሳታል። ከአንድ ሰው ኪስ 20 ብር ሰርቆ አንድ ብር ከሩብ ብቻ የሚያገኝ ሌባ ቢኖር ሌቦች ራሳቸው ይሥቁበት ነበር። በመንገድ ላይ የሚደረገው ግን ይኸው ነው፤ የተሰረቀው ከስልሳ መኪና ሰዎች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ስለ ሆነ ብቻ አይታወቅም።

ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር አለ። የጃፓን ሊቃውንት በ230 ሜትር ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖችን አሰልፈው፥ ሁሉም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እኩል እንዲነዱ አዘዟቸው። መብራት የለም፥ መስቀለኛ መንገድ የለም፥ የሚሻገር በግ የለም። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ተስተካክለው ዞሩ። ኋላ ግን አንዱ ከፊቱ ላለው ትንሽ ቀረበና ፍሬን ነካ፤ ከኋላው ያለው ከእርሱ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ሦስተኛውም ከዚያ ይበልጥ፤ በመጨረሻም ጥቂቶቹ ፈጽመው ቆሙ። መቆሙም እንደ ውኃ ማዕበል በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጓዝ ጀመር፤ ከፊት ያለው ሲፈታ ከኋላ ያለው ይያዛል። ይህ ሥራቸው በ2000 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። «ከፊት ምን ሆኖ ነው የቆምነው?» ብለን ስንጮህ፥ ሄደን ብናይ ምንም ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ያቆመን ራሳችን ነን፤ በየጊዜው የምንረግጠው ነዳጅና የምንረግጠው ፍሬን ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ብሎ፥ ሳይቆሙም ሳይሮጡም ቀስ እያሉ መሄድ ነው። በጅማ መንገድ ቡና ጭነው የሚመላለሱ የቆዩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ከፊታቸው ሃያ ክንድ ያህል ክፍት ይተዋሉ፤ ሌላው ሦስት ጊዜ ሲቆምና ሲነሣ እነርሱ አንድ ጊዜም አይቆሙም። በኦሮምኛ «ሱታ» ማለት ቀስ ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድን ሰው እሾህ አይወጋውም የሚል ተረትም አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሾፌር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፥ ከሰበታ በኋላ፥ ምን ይገጥመዋል? የተወለት ክፍት ቦታ ለሌላው ሁሉ የግብዣ ጥሪ ይመስለዋል። አንዱ ከቀኝ ይገባበታል፥ አንዱ ከግራ፤ ከኋላው ያለው ደግሞ «አንተ ምን ታንቀላፋለህ?» ብሎ ይጮህበታል። ለሁሉ የሚበጀውን የሚያደርግ ሰው እንደ ሞኝ ይቈጠራል። በዚህ ዓይነት ስድብ ስንት መልካም ሾፌር ተስፋ ቆርጦ እንደ ሌላው ሆኗል?

ስለ ታክሲ ሾፌሮች ስናገር ግን ፍርዴ እንዳይጣመም እፈራለሁ። ከእነርሱ ብዙዎቹ መኪናው የራሳቸው አይደለም። ማታ ለባለቤቱ የተቈረጠ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ነዳጁ ከዚያ በፊት ነው፤ የረዳቱም እንዲሁ፤ የቀረው የእርሱ እንጀራ ነው። ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት አንድ ምልልስ ቢቀርበት የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ይታያል። ለእርሱ ቀርፋፋ ሰልፍ ማለት ቀስ በቀስ ከኪሱ የሚወጣ ብር ነው። ይህን የማያውቅ ተቺ አፉን ይያዝ። በትልቅ አዲስ መኪና፥ ብቻውን ተቀምጦ፥ ነዳጁን መሥሪያ ቤት እየሞላለት፥ እንደዚያው በእግረኛ መንገድ ጠርዝ የሚሰነቀረውን ሰው ግን በምን ምክንያት እንደምናመካኝለት አላውቅም። እኔ በቆየሁበት ሦስት ሳምንት የዚህ ዓይነቱ ከታክሲው ያነሰ አልነበረም።

በሌላ ወገንም ጻድቅ ነኝ ባዩ አለ። ይህ ሰው ሕግ አክባሪ ነው፤ ስለዚህም ሌላውን ለመቅጣት ሥልጣን የተሰጠው ይመስለዋል። ሁለት ረድፍ የነበረው መንገድ ወደ አንድ በሚጠብበት ስፍራ መኪናውን በሁለቱ ረድፍ መካከል አጋድሞ ማንም እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ፍሬቻ አብርቶ በትሕትና የሚለምነውንም ሰው ላለማየት ፊቱን ያዞራል። የጀርመን የመንገድ ሕግ በእንዲህ ያለ ስፍራ ሁለቱም ረድፎች እስከ መጨረሻው እንዲሄዱና ጠባቡ ላይ ሲደርሱ እንደ ዚፕ ጥርስ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተቀባበሉ እንዲገቡ ያዝዛል። በዚያ የሚገባ ሰው ሌባ አይደለም፤ ተራው ነው። ጻድቁ ሰውዬ ግን ተራ መስጠትና መሸነፍ አንድ ይመስለዋል። አንዲት መኪና ቢያስገባ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስለው ሰው፥ በበር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ የሚለምነው ያው ሰው መሆኑን አስብ።

አንዳንዱ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሰምቶ «የእኛ ሰው አይማርም» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ቤንትሌ በተባለ እንግሊዛዊ እየተነዳ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፥ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተለወጠ። እኔ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በሁሩሙ በኩል የሚያልፈው መኪና ጥቂት ስለ ነበረ ለእኛ ለልጆች ከጨዋታ የሚያስተጓጕል ነገር አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ግራን የለመደ እጅ ሁሉ በአንድ ቀን ቀኝን ተማረ። ስዊድኖችም ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይተው፥ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. እንዲሁ አደረጉ። በዚያ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ መኪና ሁሉ ሊነጋጋ ሲል ለዐሥር ደቂቃ ቆሞ፥ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተሻግሮ፥ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ጒዞውን ቀጠለ።

ታዲያ ይህን ያህል መታዘዝ የቻለ ሰው በቀርፋፋ ሰልፍ ውስጥ አንድ መኪና ማስገባት ለምን ያቅተዋል? እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ በተከለከለው ወገን የነዳ ሰው ወዲያው ፊት ለፊት ይጋጫል፥ ቅጣቱ ከራሱ ላይ ነው። በሰልፍ የተሰነቀረ ሰው ግን እርሱ ያልፋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው በጥምዙ ወዲያ የቆመ፥ ስሙንም መልኩንም የማያውቀው ሰው ነው። ደንብ ሞልቷል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208ን አውጥቶ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ወጣትም ምልክቶቹን በቃሉ ያጠናል፥ በተተከሉ ቋሚዎች መካከል ወደ ኋላ መሄድ ይለማመዳል። ቆሞ መጠበቅን ግን ማንም አይፈትነውም።

አሁን ወደ ኋላ ወንበር ልመለስ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጅማ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የምወስደው ወረቀት ነበረኝና በማለዳ ከሁሩሙ ተነሣሁ። የተሳፈርሁበትን አባዱላ የሚነዳው ድሮ አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነበር፤ ልጅ እላለሁ እንጂ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው። ያዮን አልፈን ወደ ገባ ወንዝ በሚወርደው ጠመዝማዛ ስንደርስ ሰልፍ ገጠመን። አንድ ተሳቢ መኪና ተበላሽቶ አንዱን ረድፍ ዘግቶ ቆሟል፤ በቀረው ረድፍ አንድ ጊዜ ከዚህ፥ አንድ ጊዜ ከዚያ እየተቀባበሉ ያልፋሉ። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ይንቀሳቀስ ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ ፈልጌ ነበር። ጥቂት ታግሼ «ልጄ፥ ተራው እስኪደርሰን ቀኑ ማለቁ ነው፤ ግራው በኩል ባዶ አይደለም እንዴ?» አልሁት።

በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። «ጋሼ፥ ልውጣ?» አለ።

«ውጣ» አልሁ።

ወጣ። እኛን አይቶ አንድ አይሱዙ ተከተለን፥ አይሱዙውን አይቶ አንድ አውቶቡስ፥ ከዚያም ማን ይቈጥረዋል። ከወንዙ በኩል ያሉትም እንዲሁ አድርገው ኖሮ በመታጠፊያው ላይ አፍ ለአፍ ገጠምን። ወደ ፊት አይባል፥ ወደ ኋላ አይባል። ሾፌሮቹ ወርደው መጯጯህ ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ሌላው ይመለስ ይላል። በዚህ መካከል ከመታጠፊያው ማዶ የአምቡላንስ ድምፅ ተሰማ። ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወደ መቱ የሚሄድ ነው ተባለ።

ያን ጊዜ ጩኸቱ ቆመ፤ ይህን ለሁሉም እመሰክርላቸዋለሁ። ሁሉም ሊመለስ ፈለገ። ነገር ግን አንዱ መኪና ከኋላው ያለው ካልተመለሰ ሊመለስ አይችልም፤ የመጨረሻው ደግሞ ከላይ ከዳገቱ ጥምዝ ወዲያ ነው፥ ከፊት ምን እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህም ጥሩንባ ይነፋል። የእኔ ተማሪ ሸሚዙ በላብ ርሶ ዳገቱን እየሮጠ ከመኪና ወደ መኪና እየሄደ ለመነ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ከመኪናው ወርጄ በመንገዱ ዳር ከዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። አምቡላንሱ በመጨረሻ ቀስ ብሎ በአጠገቤ ሲያልፍ በመስኮቱ አንዲት አሮጊት የጉሉኮሱን ከረጢት በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው አየሁ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ እኛ አልተመለከቱም።

ኋላ ያዮም፥ መቱም ስለ ሴቲቱ ጠየቅሁ፤ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ጅማ ስደርስ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ በማግሥቱ ሄጄ ጉዳዬን በሩብ ሰዓት ጨረስሁ። ዐርባ ዓመት ሙሉ በደወል ሰዓት ልጆችን አሰልፌ «አትጋፉ፥ በተራ» ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ከመታጠፊያው ማዶ ሰው መኖሩን ባላይ እንደሌለ ቈጠርሁት፤ ሰሌዳውን እንኳ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ከዚሁ ልጅ ጋራ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። ባለፈው መስከረም ከበደሌ ስንመለስ ናዳ መንገዱን በከፊል ዘግቶት እንደገና ሰልፍ ገጠመን፤ በግራ በኩል ባዶ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «ምን ትጠብቃለህ? ውጣ እንጂ» አለው። ልጁ በመስተዋቱ ውስጥ እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና፥ ከመንገዱ ዳር እሳት አንድዳ ከምትጠብስ ሴት እሸት በቆሎ ገዝቶ ለሁላችን አደለን፤ የመጀመሪያውን ለሰውዬው ሰጠው።